ያለመመረጥ ጥበብ

(ልደታ። ከጠመንጃ ያዥ ወደ ቀበሌው አዳራሽ የሚያወጣው ቅያስ። ዘመኑ ደርግ፣ ዓመቱ ሰባ ሦስት፣ ቀኑ እሑድ ረፋድ ነው። ዛሬ የቀበሌው ሊቀመንበር ይመረጣል። ጡረታ የወጡት ጸሐፊ አቶ ዓባይነህ በራቸው ላይ ቆመዋል። በሰፈሩ እሳቸው የማያውቁት ነገር የለም፤ ቢኖርም ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል? ጎረቤታቸው ኩማ ጎሚስታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የመኪና ጎማ ሲፈታና ሲጠግን ይውላል። ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ይህንን የሚሉት ግን አቶ ዓባይነህ ናቸው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር መቀመጫቸውን ተሸክሞ የሚያደርስላቸው እሱ ነው። ዛሬ ጋቢውን እስከ አንገቱ ተከናንቦ፣ በቀኝ እጁ መደገፊያ ያለው የእንጨት ወንበር አንጠልጥሏል። ክርክሩ ጦፏል።)

ዓባይነህ፦ መልሰው አልኩህ! ወንበሩን መልስና በርጩማውን አምጣ!

ኩማ፦ ጋሼ፣ በርጩማው መደገፊያ የለውም እኮ። ባለፈው ስብሰባ "ወገቤን፣ ወገቤን" ሲሉ አልነበር?

ዓባይነህ፦ ወገቤ ይቆረጥ! ዛሬ መደገፊያ ያለው ነገር ላይ የሚቀመጥ የለየለት እብድ ነው።

ኩማ፦ መደገፊያው ምን አደረገ?

ዓባይነህ፦ ምርጫ ነዋ ዛሬ! ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከሌላው ከፍ ይላል። ከፍ ያለ ይታያል። የታየ ይጠቆማል። የተጠቆመ ይመረጣል። የተመረጠ ደግሞ… (እጃቸው ወደ አንገታቸው ይሄድና፣ ግራ ቀኙን አይተው ኮሌታቸውን ያስተካክሉበታል) …የተመረጠ ደግሞ ይመረጣል።

ኩማ፦ መመረጥ ክብር ነው ሲሉ ሰምቼ።

ዓባይነህ፦ ማን ሲል?

ኩማ፦ ድምፅ ማጉያው።

ዓባይነህ፦ ድምፅ ማጉያው ተመርጦ ያውቃል?

(ኩማ ወንበሩን ወደ ቤት አስገብቶ በርጩማውን ይዞ ይወጣል። በዚህ መሐል ከአዳራሹ በኩል ድምፅ ማጉያው ይንኮሻኮሽና መፈክር ያሰማል። በቅያሱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ ግራ እጁን ጨብጦ ያነሳል። አቶ ዓባይነህም ከሁሉ ቀድመው ያነሳሉ። ኩማ በርጩማውን አስቀምጦ ቀኙን ያነሳል።)

ዓባይነህ፦ (ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ) ግራህን! ግራህን አንሳ አንተ!

ኩማ፦ ግራውን ትንሽ ነካ አድርጎኛል ጋሼ።

ዓባይነህ፦ ምን ነክቶህ?

ኩማ፦ ብርድ መሰለኝ።

ዓባይነህ፦ ቢቆረጥስ ታዲያ! ቀኙን አንስቶ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ሸፍነው! ሸፍነው፣ ያው ሽባ መስለህ ታልፋለህ።

ኩማ፦ እሺ ጋሼ። (ግራ ክንዱን በጋቢው ይበልጥ ይጠቀልላል።) ጋሼ፣ እንዲያው መንገድ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይንገሩኝ። እኔ ወደዚህ ሰፈር የመጣሁት ኋላ ነው። የመጀመሪያው ሊቀመንበራችን ማን ነበር?

(አቶ ዓባይነህ ታሪክ ከተጠየቁ እግራቸው ይታሰራል። በርጩማው ላይ ዘፍ ይላሉ።)

ዓባይነህ፦ የመጀመሪያው ሚደቅሳ ግንበኛው ነው። ዘማች ተማሪዎቹ መጥተው ሰበሰቡን። "ማን ይሁን?" አሉ። ሰው ሁሉ ዝም፣ ጭጭ። አንዱ ተማሪ ቀና ብሎ "ያ የቆመው ጓድ ፈቃደኛነቱን አሳይቷል" አለ። ሚደቅሳ እኮ የቆመው መቀመጫ አጥቶ ነው!

ኩማ፦ ታዲያ "መቀመጫ አጥቼ ነው" አይልም?

ዓባይነህ፦ አለ እንጂ! "ሰፊው ሕዝብ መቀመጫ ማጣቱን ያለ ፍርሃት የተናገረ ጀግና" ብለው አዳራሹን በጭብጨባ አናወጡት።

ኩማ፦ ጎበዝ ነዋ!

ዓባይነህ፦ ምን ጎበዝ ነው፣ አለቀለት! አንድ ቀን የድሮዋ የሰፈሩ ባለርስት በመንገድ ሲያልፉ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳቸው። አሮጊት ናቸው ብሎ ነው። በዚያው "አድኃሪ" ተባለና ሊቀመንበርነቱንም ባርኔጣውንም ገፈፉት።

ኩማ፦ ባርኔጣው ምን አጠፋ?

ዓባይነህ፦ ማስረጃ ነዋ!

ኩማ፦ እሺ፣ አይቆምም ማለት ነው። ከዚያስ?

ዓባይነህ፦ ከዚያ አብዱልመናን፣ እህል ነጋዴው። እሱ ደግሞ ብልህ ነኝ ብሎ ምርጫው ሲጀመር ለሶላት ወጣ። ሰግዶ ሲመለስ ጭብጨባው ይቀልጣል። የሰፈር ሰው አይደል? ቆሞ አጨበጨበ። ከሁሉም አስበልጦ! እያጨበጨበ አጠገቡ ያለውን ሰው "ለመሆኑ ማን ተመረጠ?" ቢለው "አንተ" አለው።

ኩማ፦ ውይ! እጁን ምን አደረገው?

ዓባይነህ፦ የቱን እጁን?

ኩማ፦ የሚያጨበጭብበትን።

ዓባይነህ፦ ምን ያደርገዋል? አወረደው! አንተ ደግሞ ከታሪክ ውስጥ የምትይዘው ነገር!

ኩማ፦ አሁን የት ነው ያለው?

ዓባይነህ፦ "ድሬዳዋ ያለች እህቴን ልጠይቅ" ብሎ ለጥቂት ቀን የይለፍ ወረቀት አውጥቶ ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ እየጠየቃት ነው።

ኩማ፦ ብዙ ታማ ይሆናላ።

(አቶ ዓባይነህ ወደ ሰማይ ያያሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ጎረቤት አድርጎ የሰጣቸውን አምላክ ምን እንደበደሉት ይጠይቁታል።)

ኩማ፦ ሦስተኛውስ ጋሼ?

ዓባይነህ፦ (ወዲያ ወዲህ አይተው) ድምፅህን ቀንስ። ሦስተኛው ቦጂያ ነው።

ኩማ፦ ቦጂያንማ አውቀዋለሁ። የብስክሌቱን ጎማ እኔ ነበርኩ የምጠግንለት። ደግ ሰው ነበር።

ዓባይነህ፦ ሲመረጥ ደግ ነበር። ከዚያ ጠመንጃ ሰጡት። ጠመንጃው አካሄዱን ለወጠው፣ አካሄዱ ደግሞ ሰውየውን። ሰፈሩ እሱን ሲያይ መንገድ መቀየር ጀመረ፤ እኔም ቀይሬአለሁ። በመጨረሻ ጠመንጃውን የሰጡት ሰዎች ራሳቸው በመኪና መጥተው ይዘውት ሄዱ።

ኩማ፦ ያቺ ሚስቱ፣ እንዳለች፣ አሁንም እስር ቤት ስንቅ ታመላልሳለች።

ዓባይነህ፦ ታመላልሳለች ምስኪን። "ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል" ይሏታል። የት እንደሆነ አይነግሯትም። የቋጠረችውን እንደያዘች ትመለሳለች። በደጄ ስታልፍ… በደጄ ስታልፍ መስኮቴን እዘጋለሁ፣ ኩማ። ፈርቼ ነው። አንዲት ጎረቤቴን "እንዴት ዋልሽ" ማለት ፈርቼ ነው። እኔ ጀግና አይደለሁም። ጡረታዬን በልቼ፣ ሻዬን ጠጥቼ፣ በገዛ አልጋዬ መሞት ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

(ኩማ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አቶ ዓባይነህን ትክ ብሎ ያያቸዋል። አቶ ዓባይነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ አዋቂነታቸው ይመለሳሉ፤ እዚያ ይሞቃቸዋል።)

ዓባይነህ፦ አራተኛዋ ያው ወይዘሮ ወለተሥላሴ ናቸው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሰው ነቃ፤ እሳቸውም "መቅረት ይሻላል" ብለው ማኅበራቸውን ሊጠጡ ልደታ ማርያም ዋሉ። እኛ አዳራሽ ተቀምጠን "ማን ይሁን?" ስንባል ሁላችንም የምናስበው ሌላ ሰው ነው። ሌላው ሰው ደግሞ አጠገባችን ተቀምጦ ያየናል። ዓይኑ እያየህ ሰው እንዴት ይጠቆማል? የቀረ ሰው ግን አያይህም፣ እምቢም አይልህም። ባንድ ድምፅ መረጥናቸው!

ኩማ፦ ማን ነገራቸው?

ዓባይነህ፦ ማንም። በማግስቱ የቀበሌው ዘበኛ "ጓድ ሊቀመንበር!" ብሎ ተረከዙን ሲያጋጭላቸው፣ ከኋላዬ ማን መጣ ብለው ዞረው አዩ። ከዚያ ወዲህ ያልገቡበት ጸበል የለም። ዛሬ ሊያስረክቡ ነው፤ ከጧት ጀምሮ እልልታቸው እዚህ ይሰማል።

ኩማ፦ (ጣቱን እያጠፈ) መቆም አይቻልም። ማጨብጨብ አይቻልም። ደግ መሆን አይቻልም። መቅረት አይቻልም። እንግዲህ መሄድም መቅረትም የለም ማለት ነው። ታዲያ የት እንሁን ጋሼ?

ዓባይነህ፦ እዚህ ላይ ነው ጥበቡ! ላለመመረጥ ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኩማ፦ ይህን ታሪክ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አለ?

ዓባይነህ፦ በዚህ ቀበሌ? ከእኔ ወዲያ ላሳር!

ኩማ፦ ጽሕፈትዎም ግሩም ነው ይባላል።

ዓባይነህ፦ ይባላል? ባለሥልጣን ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርምበት የነበረውን ደብዳቤ ማን የጻፈው ይመስልሃል?

ኩማ፦ ትርፍ ቤት ምናምን ግን ነበረዎት መሰለኝ…

ዓባይነህ፦ ትርፍ ቤት? እኔ? ትርፍ ጫማ የለኝም! ማንም ጣቱን የሚቀስርብኝ ሰው አይደለሁም።

ኩማ፦ ጤናዎ ነው እንጂ። ያ ሳልዎ…

ዓባይነህ፦ (በርጩማው ላይ ቀና ብለው ደረታቸውን እየደቁ) ሳል? አፍህን ያዝ! ብረት ነኝ! ከዚህ ተነስቼ እንጦጦ በእግሬ ወጥቼ ለምሳ እመለሳለሁ!

(ኩማ ጣቶቹን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ እንደገና ያጥፋል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።)

ዓባይነህ፦ ምን ታነበንባለህ?

ኩማ፦ እንዳልረሳው ነው ጋሼ። ጭንቅላቴ ቶሎ አይዝልኝም።

ዓባይነህ፦ እሱንማ አውቃለሁ። (ድምፃቸው ማር ማር ይላል) በል ቀረብ በል ልጄ። አንተን ብዬ እኮ ነው ዛሬ ቀድሜ የወጣሁት።

(እዚህ ላይ የአቶ ዓባይነህን ሆድ መክፈት ያስፈልጋል። ከሐሙሱ ስብሰባ ጀምሮ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተዋል። ሰው መመረጡ ካልቀረ፣ የሚመረጠው ከእሳቸው ሌላ መሆን አለበት። ሠርቶ አደር ነው፣ ከማንም አይጣላም፣ እሺ እንጂ እምቢ አያውቅም፤ ኩማ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ኩማን አይጠሉትም፣ እንዲያውም ይወዱታል። አልጋቸውን ግን ይበልጥ ይወዱታል።)

ዓባይነህ፦ እንለማመድ። እኔ ካድሬው ነኝ፣ አንተ ሕዝቡ ነህ። "ጓዶች! ጥቆማ እንቀበላለን!"

ኩማ፦ ጋሼ ዓባይነህ።

ዓባይነህ፦ (ከበርጩማው ሊወድቁ ይደርሳሉ) ምን አልክ?

ኩማ፦ ጥቆማ ሲሉኝ ነው። እዚህ ያለነው እኔና እርስዎ ብቻ ነን፤ እኔ ደግሞ ሕዝቡ ነኝ አሉኝ።

ዓባይነህ፦ ሌላ ሰው በል! ሥጋ ሻጩን ጃርሶን በል!

ኩማ፦ ጃርሶ እዚህ የለማ።

ዓባይነህ፦ የሌለ ሰው ነው የሚመረጠው ብዬህ አልነበር?! ተወው፣ ልምምዱ ይቅር። ዝም ብለህ የምልህን ያዝ። አንደኛ፣ ከፊት ተቀመጥ።

ኩማ፦ ከፊት? አልታይም?

ዓባይነህ፦ ካድሬ ሩቅ ነው የሚያየው። አፍንጫው ሥር ያለውን አያይም።

ኩማ፦ እርስዎስ የት ይቀመጣሉ?

ዓባይነህ፦ እኔ ከኋላ፣ ከምሰሶው ጀርባ። እሱ… እሱ የቆየ ቦታዬ ነው፣ ለምጄዋለሁ። አታቋርጠኝ! ቀጥሎ፣ ከሁሉም ቀድመህ ተነስተህ ተናገር። ዝም ያለ ሰው ያጠራጥራል። "የኅብረት ሱቁ ስኳር በጊዜ ይምጣ" በል።

ኩማ፦ ቢያጨበጭቡልኝስ?

ዓባይነህ፦ እጅ ንሳ። ከዚያ ስምህ ከተጠራ…

ኩማ፦ ስሜን ማን ይጠራዋል?

ዓባይነህ፦ (ይስላሉ፤ ብረት መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ያቆማሉ) ሰው አይጠፋም። ብቻ ከተጠራ እንዳትግደረደር። "አይገባኝም፣ ከእኔ የሚሻል አለ" የሚል ሰው ትሑት ነው ተብሎ ወዲያው ይጸድቃል። አንተ "እሺ" በል። እሺ ያለ ሰው ሥልጣን ፈላጊ ነው ይሉና እዚያው ይሰርዙታል!

ኩማ፦ እሺ ጋሼ።

ዓባይነህ፦ እንደሱ! እንደዚያ ነው የምትለው! ጎበዝ!

ኩማ፦ (ከፊታቸው ቁጢጥ ብሎ) ጋሼ፣ አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። እውነቱን ይንገሩኝ፣ እኔ በእርስዎ ነው የማምነው። ድንገት ብመረጥስ? እንደ ቦጂያ እሆን ይሆን? ዲንቄስ እንደ እንዳለች ስንቅ ይዛ ስትንከራተት…

(ዲንቄ የኩማ ሚስት ናት፤ አቶ ዓባይነህ ሲታመሙ ሾርባ የምታመጣላቸው እሷ ናት። እውነቱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ይደርሳል። "ተው፣ ከኋላ አጠገቤ ተቀመጥ፤ አብረን እንደበቃለን" ሊሉት አፋቸውን ይከፍታሉ። ከዚያ አልጋቸው ትዝ ይላቸዋል።)

ዓባይነህ፦ አንተ? ምንም አይነካህም! እንዲያውም ይሻልሃል።

ኩማ፦ ምንም አይነካኝም?

ዓባይነህ፦ ምንም!

ኩማ፦ እንዲያውም ይሻለኛል?

ዓባይነህ፦ እጅግ! ስኳሩ በእጅህ፣ ሳሙናው በእጅህ፣ ሰው ሁሉ ብድግ ይልልሃል!

ኩማ፦ (ረጅም ትንፋሽ ተንፍሶ ይነሳል) እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ከጧት ጀምሮ ልቤ ወዲያና ወዲህ ሲል ነበር። አሁን ወሰንኩ።

ዓባይነህ፦ ምኑን ነው የወሰንከው?

(ድምፅ ማጉያው እንደገና መፈክር ያሰማል። ቅያሱ ባለበት ይቆማል። ኩማ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ያነሳል፤ ቀጥ ያለ፣ ጤነኛ ክንድ ነው። ጋቢው ከትከሻው ይንሸራተታል። ክንዱ ላይ ጽሑፍ ያለበት ቀይ ጨርቅ ታስሯል። አቶ ዓባይነህ እጃቸውን እንዳነሱ ያነቡታል።)

ዓባይነህ፦ አስ… መራጭ?

ኩማ፦ አስመራጭ ኮሚቴ ነኝ ጋሼ። ሐሙስ ስብሰባ ላይ "ፈቃደኛ ማን ነው?" ሲባል እጄን አወጣሁ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። "ይህ ሞኝ፣ ሰው የሚደበቀውን ሥራ" አሉ።

ዓባይነህ፦ አስመራጭ እኮ…

ኩማ፦ አይመረጥም። ደንቡ ላይ አለ።

ዓባይነህ፦ የትኛው ደንብ? እኔ የማላውቀው ደንብ የት አለ?

ኩማ፦ ሐሙስ ተነቦ ነበር። እርስዎ ከምሰሶው ጀርባ አንቀላፍተው ነበር መሰለኝ።

(አቶ ዓባይነህ ያነሱትን እጅ ማውረድ ረስተውታል። ኩማ ቀስ አድርጎ ያወርድላቸዋል።)

ኩማ፦ "እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ እጩ አጣርታችሁ አምጡ" ተባልን። እኔ በልቤ ሁለት ሰው ነበረኝ፤ እርስዎና ጃርሶ። የመስኮቱን ነገር ሲነግሩኝ አንጀቴን በሉት። "እኚህንስ ልተዋቸው፣ ጃርሶን እጠራለሁ" ብዬ ነበር።

ዓባይነህ፦ ታዲያ ጥራዋ! ጃርሶን ጥራ!

ኩማ፦ ከዚያ "ብመረጥስ?" ብዬ ጠየቅኩዎት። ሲመልሱልኝ ጃርሶን ተውኩት።

ዓባይነህ፦ ኧረ እኔ አልሆንም! ስለ ቀበሌ የማውቀው ነገር የለም!

ኩማ፦ ከእርስዎ ወዲያ ላሳር።

ዓባይነህ፦ በሽተኛ ነኝ! (ይስላሉ፤ አሁን ከልባቸው ነው)

ኩማ፦ ብረት ነዎት። ደርሶ መልስ እንጦጦ።

ዓባይነህ፦ እቀራለሁ! ቤቴን ዘግቼ እተኛለሁ!

ኩማ፦ የቀረ ሰው እምቢ አይልም፤ ባንድ ድምፅ ነው።

ዓባይነህ፦ "አይገባኝም" እላለሁ!

ኩማ፦ ትሑት ነው ይባልና ይጸድቃል።

ዓባይነህ፦ እንግዲያው "እሺ" እላለሁ!

ኩማ፦ እሱን ካሉማ ተገላገልን።

(ድምፅ ማጉያው ስብሰባው ሊጀመር መሆኑን ይናገራል። የወይዘሮ ወለተሥላሴ እልልታ ከሩቅ ይሰማል። አቶ ዓባይነህ በርጩማውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው ይቆማሉ።)

ዓባይነህ፦ ኩማ… ልጄ… ይጎዱኛል እኮ።

ኩማ፦ ምንም አይነካዎትም ጋሼ። እንዲያውም ይሻልዎታል። (በርጩማውን ከእቅፋቸው በቀስታ ወስዶ ብብቱ ሥር ያደርገዋል።) ይሄን ለእኔ ይተዉልኝ። ለእርስዎ መድረኩ ላይ ወንበር ተዘጋጅቷል፤ መደገፊያ ያለው።